ካርታን በጋራ መሥራት፦ ተማሪዎችን በክፍት መሣሪያዎች የዲጂታል ካርታ ሙያ ስለ ማስተማር የቀረበ ዳሰሳ

የዲጂታል ካርታ ሥራ ትምህርት ተማሪው መሬት ላይ ያለውን ነገር አይቶ፣ ቦታውን ለክቶ፣ ምንነቱን ገልጾ ኮምፒዩተር በሚያነበው መልክ እንዲመዘግብ፣ ከዚያም መዝገቡን መርምሮ ለተጠቃሚ እንዲያቀርብ የሚያበቃ የተግባር ትምህርት ነው። በውስጡ አራት ሙያዎች አሉ፦ ማየት፣ መመዝገብ፣ ማረጋገጥና መጠቀም። በአብዛኛው ክፍል ውስጥ ሰዓቱን የሚወስደው ሁለተኛው፣ ማለትም ስክሪን ላይ ነጥብና መስመር ማስፈሩ ነው። ይሁን እንጂ ባለፉት ሃያ ዓመታት በልዩ ልዩ አገሮች የተሠሩ ሥራዎች ጎን ለጎን ሲታዩ፣ ተማሪውን ካርታ ሠሪ ያደረገው ማረጋገጡ ሆኖ ይገኛል። ክፍት የጋራ መሣሪያዎች ለትምህርት የሚመረጡትም በነፃ ስለሚገኙ ብቻ አይደለም። የተማሪውን ሥራ በሌሎች ዓይን ፊት ስለሚያቀርቡት፣ ስለሚያስተቹትና ስለሚያሳርሙት ጭምር ነው።

በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከዝግ ወደ ክፍት

ካርታ መሥራት ለረጅም ዘመን የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ሥራ ነበር። የአየር ፎቶግራፍ የሚያነሳ አውሮፕላን፣ ቀያሾች፣ ነዳፊዎችና ማተሚያ ቤት ስለሚጠይቅ ትምህርት ቤት ሊሞክረው የሚችል ነገር አልነበረም። የኢትዮጵያ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች በጂኦግራፊ ክፍለ ጊዜ ስኬልን፣ አቅጣጫንና ኮንቱርን ሲያስተምሩ የኖሩትም በዚሁ ሁኔታ ውስጥ ነው። ተማሪው ሌላው የሠራውን ካርታ ማንበብ ይማራል፤ ራሱ እንዲሠራ አይጠየቅም።

ይህን የለወጡት ተከታትለው የመጡ ጥቂት ክስተቶች ናቸው። የአሜሪካ መንግሥት ለሲቪል ተጠቃሚዎች የሚደርሰውን የጂፒኤስ ምልክት ሆን ብሎ ያዛባበት የነበረውን አሠራር ግንቦት 2000 ላይ አቆመ፤ ከዚያ ወዲህ ርካሽ መቀበያ የያዘ ሰው ሁሉ የቆመበትን ቦታ በጥቂት ሜትሮች ስህተት ማወቅ ቻለ። በ2004 ለንደን ውስጥ ስቲቭ ኮስት የተባለ ወጣት ኦፕንስትሪትማፕን ጀመረ። መነሻው የብሪታንያ ብሔራዊ ካርታ ተቋም መረጃ በሕዝብ ገንዘብ ተሰብስቦ ለሕዝቡ በውድ ዋጋና በጥብቅ ገደብ የሚሰጥ መሆኑ ነበር። መፍትሔ ያደረገውም ዊኪፔዲያን የመሰለ፣ ማንም የሚያክልበት፣ ማንም የሚያርመውና ማንም የሚጠቀምበት የዓለም ካርታ ነው። በ2006 ፕሮጀክቱን የሚደግፍ ፋውንዴሽን ተቋቋመ። በ2010 ማይክሮሶፍት የቢንግ የአየርና የሳተላይት ምስሎቹን በጎ ፈቃደኞች እያዩ እንዲነድፉባቸው ሲፈቅድ ደግሞ ጂፒኤስ ይዞ መዞር ያልቻለ ሰውም በሥራው መካፈል ቻለ።

የጂኦግራፊ ምሁሩ ማይክል ጉድቻይልድ በ2007 ባወጣው ጽሑፍ ይህን ክስተት ተራው ዜጋ እንደ መለኪያ መሣሪያ የሚያገለግልበት አዲስ የመረጃ ምንጭ አድርጎ ተነተነው። ጽሑፉ ለመምህራን የተወው ጥያቄም ግልጽ ነበር፤ ዜጋው መረጃ ሰጪ ከሆነ፣ መረጃው እንዲታመን ምን መማር አለበት?

የጋራ ካርታው ውስጣዊ አሠራር

ተማሪ ከመሣሪያዎቹ በፊት ማወቅ ያለበት የመረጃውን አሠራር ነው። ኦፕንስትሪትማፕ ዓለምን በሦስት ነገሮች ብቻ ይገልጻል። ነጥብ ኬክሮስና ኬንትሮስ ያለው አንድ ቦታ ነው፤ የውኃ ቦኖ ወይም የአውቶቡስ ፌርማታ በነጥብ ይመዘገባል። መስመር የነጥቦች ቅደም ተከተል ነው፤ መንገድና ወንዝ መስመር ናቸው፤ መጨረሻው ከመጀመሪያው የገጠመ መስመር ደግሞ ቤት፣ የእርሻ ማሳ ወይም ሐይቅ ይሆናል። ሦስተኛው ግንኙነት ሲሆን ብዙ ነጥቦችንና መስመሮችን አንድ ላይ ያስራል፤ የወረዳ ወሰን ወይም የአውቶቡስ መስመር የሚመዘገበው በዚህ መልክ ነው።

ለእነዚህ ትርጉም የሚሰጣቸው መለያ ነው። እያንዳንዱ መለያ ቁልፍና ዋጋ አለው። ቁልፉ «የአገልግሎት ዓይነት» ከሆነ ዋጋው «ትምህርት ቤት» ወይም «ክሊኒክ» ይሆናል፤ ቁልፉ «የመንገድ ወለል» ከሆነ ዋጋው «አስፋልት»፣ «ጠጠር» ወይም «ኮብልስቶን» ሊሆን ይችላል። ቁልፎቹና ዋጋዎቹ በመዝገቡ ውስጥ የሚጻፉት በእንግሊዝኛ ሲሆን ዝርዝራቸው ለሁሉም ክፍት በሆነ መመሪያ ተሰብስቧል። ስሞች ግን በማንኛውም ቋንቋ ይጻፋሉ። ለአማርኛ፣ ለኦሮምኛ፣ ለትግርኛና ለሌሎችም ቋንቋዎች የየራሳቸው የስም ቁልፍ ስላለ አንድ ከተማ በአንድ ነጥብ ላይ ብዙ ስሞች ይዞ ሊቀመጥ ይችላል።

ትምህርታዊ ክብደት ያለው እዚህ ላይ ነው። ተማሪ ባለ ሁለት አቅጣጫውን አውራ ጎዳና፣ የመንደሩን የውስጥ መንገድና የእግረኛ መሄጃውን ለየብቻ ሲለያቸው፣ አካባቢውን እንደ ነዋሪ ከማየት አልፎ እንደ መዝጋቢ ማየት ይጀምራል። ሁለት ተማሪዎች አንዱን መንገድ በሁለት ዓይነት ቢመድቡት ክርክራቸውን የሚዳኘው ያ ክፍት መመሪያና መሬቱ ራሱ ነው። የጋራ ካርታው መሠረታዊ ሕግ የተመዘገበው ነገር ሌላ ሰው ሄዶ ሊያረጋግጠው የሚችል ይሁን የሚል ስለሆነ፣ ግምትና አሉባልታ ቦታ የላቸውም።

መሣሪያዎቹ

ክፍት መሣሪያዎቹ ብዙ ቢሆኑም በአገልግሎታቸው በአምስት ወገን ሊመደቡ ይችላሉ።

የመጀመሪያው ወገን ማረሚያ ነው። አይዲ በኢንተርኔት መቃኛ ውስጥ የሚሠራና ጀማሪን ደረጃ በደረጃ የሚያለማምድ ትምህርት በውስጡ የያዘ ነው። ጆስም በኮምፒዩተር ላይ ተጭኖ የሚሠራ ሲሆን ብዙ መረጃ በአንድ ጊዜ ለማረም፣ ያለ ኢንተርኔት ለመሥራትና ስህተትን ከመላክ በፊት ለመፈተሽ ይመረጣል። ብዙ መምህራን በአይዲ ጀምረው ተማሪው ሲጠነክር ወደ ጆስም ያሻግሩታል።

ሁለተኛው የመስክ መሰብሰቢያ ነው። ኦኤስኤምአንድ እና ኦርጋኒክ ማፕስ ካርታውን ስልክ ላይ አስቀድሞ በማውረድ ያለ ኔትወርክ ያሳያሉ። ስትሪትኮምፕሊት ተጠቃሚው ባለበት አካባቢ የጎደለውን መረጃ በቀላል ጥያቄ ይጠይቃል፤ መንገዱ ምን ለብሷል? ሕንጻው ስንት ፎቅ አለው? ኮቦቱልቦክስ ደግሞ መምህሩ ያዘጋጀውን መጠይቅ ከቦታ መለያና ከፎቶግራፍ ጋር ያስሞላል፤ በስልክ ተሞልቶ የተቀመጠው መልስ ኔትወርክ ሲገኝ ይላካል። ፊልድ ፔፐርስ ሰፈሩን በወረቀት አትሞ ያወጣል፤ ተማሪው በእስክሪብቶ ይጽፍበታል፤ ወረቀቱ በፎቶግራፍ ተመልሶ ሲገባ ትክክለኛ ቦታው ላይ ያርፋል። ስማርት ስልክ ለጎደለው ክፍል ከሁሉ የሚበልጠው ይህ የወረቀት መንገድ ነው።

ሦስተኛው ሥራ ማከፋፈያ ነው። ታስኪንግ ማኔጀር የሚባለው መሣሪያ ሰፊ አካባቢን በትናንሽ አራት ማዕዘኖች ይከፍላል፤ አንድ ተማሪ የያዘውን ማዕዘን ሌላው አይነካበትም፤ ተነድፎ ሲያልቅ ልምድ ያለው ሰው መርምሮ ያጸድቀዋል ወይም ይመልሰዋል። አራተኛው መረጃ ማውጫና ማሳያ ነው፤ ኦቨርፓስ ቱርቦ ከጋራ ካርታው የተፈለገውን ዓይነት ነገር ብቻ መርጦ ያወጣል፤ ዩማፕ የወጣውን በቀላሉ ለሕዝብ በሚታይ ካርታ ላይ ያሳርፋል።

አምስተኛው መተንተኛ ሲሆን ዋናው ኪውጂአይኤስ ነው። ጌሪ ሸርማን በ2002 የጀመረው ይህ ፕሮግራም ዛሬ በዩኒቨርሲቲዎችና በመሥሪያ ቤቶች ውድ ፈቃድ ከሚጠይቁ የጂአይኤስ ፕሮግራሞች ጎን ለጎን ይሠራበታል። ተማሪ ትምህርቱን ጨርሶ ሲወጣም ፈቃድ ሳይገዛ በራሱ ኮምፒዩተር ሥራውን መቀጠል ይችላል። ይህ ለአገር አቅም ትልቅ ዋጋ ያለው ነገር ነው፤ በውድ ፕሮግራም የሠለጠነ ተማሪ ከላቦራቶሪው ሲወጣ ሙያውን እዚያው ትቶት የሚሄድበት ጊዜ ብዙ ነውና።

የትምህርቱ ቅደም ተከተል

በተግባር የተፈተነው ቅደም ተከተል ከሚታወቀው ወደማይታወቀው ይሄዳል። የመጀመሪያው ሥራ የትምህርት ቤቱ ግቢ ወይም ተማሪው የሚመላለስበት መንገድ ይሆናል። ተማሪው ባዶ ወረቀት ላይ በቃሉ ይነድፈዋል፤ ከዚያ ንድፉን ከሳተላይት ምስሉ ጋር ያስተያየዋል። በዚህ ንጽጽር ርቀትን እንዴት እንደሳተ፣ ምን እንደረሳና ምን እንዳገዘፈ ያያል።

ቀጥሎ ምስልን ማንበብ ይመጣል። የሳተላይት ምስል ከላይ የታየ ዓለም ስለሆነ ልምምድ ይጠይቃል። ረጅም ሕንጻ በምስሉ ላይ ያዘመመ ሊመስል ስለሚችል ጣሪያው ተነድፎ ወደ መሠረቱ መሳብ አለበት። ምስሉ ራሱም ከእውነተኛው ቦታ ጥቂት ሜትሮች ተንሸራትቶ ሊቀመጥ ስለሚችል፣ በጂፒኤስ ከተመዘገቡ የመንገድ ዱካዎች ጋር ተመሳክሮ መስተካከል ይኖርበታል። በኢትዮጵያ ገጠር ክብ ጎጆ ቤትና የጭድ ክምር ከሰማይ ሲታዩ ሊመሳሰሉ ይችላሉ፤ በጋ ላይ የተነሳ ምስል ደረቅ ወንዝን መንገድ ሊያስመስለው ይችላል። ይህን የሚለይ ዓይን ያለው አገሩን የሚያውቅ ተማሪ ነው።

ሦስተኛው ደረጃ የመስክ ሥራ ነው። ተማሪዎች በሁለትና በሦስት ተከፋፍለው ይወጣሉ፤ አንዱ ይለካል፣ አንዱ ይጽፋል፣ አንዱ ነዋሪውን ይጠይቃል። ስለ ልኬት የሚሰጠው ትምህርትም ክብደት የሚያገኘው ያኔ ነው። ስልክ ሰማዩ በተገለጠበት ቦታ 5 ሜትር ገደማ ሊሳሳት እንደሚችል፣ በፎቆች መካከል ደግሞ ስህተቱ እንደሚያድግ ተማሪው ሁለት ስልኮችን አጠገብ ለአጠገብ በማቆም ራሱ ያየዋል። በዲግሪ የተጻፈ ቁጥር ከነጥብ በኋላ አራተኛው አሃዝ 11 ሜትር ያህል፣ አምስተኛው 1 ሜትር ያህል እንደሆነ ሲያውቅም፣ ስልኩ የሚሰጠው ረጅም ቁጥር ሁሉ እውነተኛ ትክክለኛነት አለመሆኑን ይረዳል።

አራተኛው ማስገባትና ማረም፣ አምስተኛው እርስ በርስ መፈተሽ፣ ስድስተኛው መተንተንና ማቅረብ ነው። ተማሪው በኪውጂአይኤስ ከእያንዳንዱ ሰፈር እስከ ቅርቡ ጤና ጣቢያ ያለውን ርቀት ሊያሰላ፣ ውጤቱንም በርዕስ፣ በመግለጫ፣ በስኬልና በሰሜን ምልክት አስውቦ ሊያትም ይችላል። በኢንተርኔት ካርታዎች የተለመደው የመርካቶር አሠራር (ሉላዊውን ምድር በጠፍጣፋ ካርታ የማሳያ ዘዴ) ስፋትን እንደሚያዛባ የሚማረውም በዚህ ጊዜ ነው፤ መዛባቱ በአዲስ አበባ ኬክሮስ 2.5 በመቶ ያህል ሲሆን በለንደን ግን ስፋቱን ከእጥፍ ተኩል በላይ ያደርገዋል።

ከዓለም የተገኙ ልምዶች

ጥር 12 ቀን 2010 ሄይቲን የመታው ርዕደ መሬት የጋራ ካርታን ጉልበት ለዓለም ያሳየ የመጀመሪያው ታላቅ አጋጣሚ ነበር። የዋና ከተማዋ የፖርቶፕራንስ ዝርዝር ካርታ በክፍት አልነበረም። በመቶዎች የሚቆጠሩ በጎ ፈቃደኞች ከያሉበት አገር የሳተላይት ምስል እያዩ መንገዶቿን፣ የፈረሱ ሕንጻዎቿንና የተፈናቃይ መጠለያዎቿን በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ነደፉ፤ የነፍስ አድን ሠራተኞችም ተጠቀሙበት። በዚያው ዓመት ሆት በሚል አጭር ስም የሚታወቀው የሰብዓዊ ካርታ ሥራ ድርጅት ተቋቋመ። በ2014 ይኸው ድርጅት ከአሜሪካና ከብሪታንያ ቀይ መስቀል እንዲሁም ከድንበር የለሽ ሐኪሞች ጋር ሚሲንግ ማፕስ የተባለውን ፕሮጀክት መሠረተ፤ ዓላማውም አደጋ ከመድረሱ በፊት ተጋላጭ አካባቢዎችን በካርታ ላይ ማስፈር ነው።

የካትማንዱ ልምድ ቅድመ ዝግጅትን ያስተምራል። በ2012 መጨረሻ በዓለም ባንክ ድጋፍ በተጀመረ ሥራ የኔፓል የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችና አዲስ ምሩቃን የከተማዋን ትምህርት ቤቶችና የጤና ተቋማት ከሕንጻዎቻቸው ሁኔታ ጋር መዘገቡ፤ ከዚህ ሥራም ካትማንዱ ሊቪንግ ላብስ የተባለው ድርጅት ወጣ። ሚያዝያ 25 ቀን 2015 መጠኑ 7.8 የደረሰ ርዕደ መሬት ሲመታ፣ ካርታውም ካርታውን የሚያውቁት ወጣቶችም እዚያው ነበሩ። ከውጭ በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ሲረባረቡ ሥራውን ከመሬቱ ጋር ያስተባበሩት እነሱ ናቸው።

በዳሬሰላም በ2015 የተጀመረው ራማኒ ሁሪያ ከመደበኛ ትምህርት ጋር በመቆራኘቱ ይለያል። የአርዲ ዩኒቨርሲቲና የዳሬሰላም ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች የተግባር ልምምዳቸውን በጎርፍ የሚጠቁ ሰፈሮችን ካርታ በመሥራት አከናወኑ። ከሰፈሩ ነዋሪዎች ጋር እየዞሩ የውኃ መውረጃ ቦዮችን፣ ቤቶችንና መንገዶችን መዘገቡ፤ ጎርፍ እስከየት እንደሚደርስም የሚያውቁትን ነዋሪዎች ጠየቁ። የተሰበሰበው መረጃ በኪውጂአይኤስ ተተንትኖ ለአደጋ ዝግጅት አገለገለ። ተማሪው ነጥብ ያገኘበት ሥራ የከተማዋም ሥራ ሆነ።

ናይሮቢ ሌላ መንገድ አሳየች። የናይሮቢ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ከአሜሪካ ተመራማሪዎች ጋር በመሆን ማታቱ በሚባሉት አነስተኛ የሕዝብ ማመላለሻዎች እየተሳፈሩ መስመሮቻቸውንና ፌርማታዎቻቸውን በስልክ መዘገቡ። ከ130 በላይ መስመሮችን ያካተተው ካርታ በ2014 ይፋ ሆነ፤ መረጃውም ለማንም ክፍት ተደረገ። ሚኒባስ ታክሲዎች የከተማ ጉዞ ዋልታ በሆኑባት አዲስ አበባም መስመሩን የሚያውቁት ሾፌሩ፣ ረዳቱና ተሳፋሪው ስለሆኑ፣ ይህ ዓይነቱ የተማሪ ሥራ ከማንኛውም መማሪያ መጽሐፍ ይልቅ ለኑሮ የቀረበ ነው።

ዩኒቨርሲቲዎችን ያስተሳሰረው ትልቁ መረብ ዩዝማፐርስ ነው። በ2015 በቴክሳስ ቴክ፣ በጆርጅ ዋሽንግተንና በዌስት ቨርጂኒያ ዩኒቨርሲቲዎች መምህራን በአሜሪካ ዓለም አቀፍ ልማት ድርጅት ድጋፍ ተመሠረተ፤ ከ60 በሚበልጡ አገሮች ከ300 በላይ የተማሪ ክበቦችንም አፈራ። በክፍት ካርታ ሥራ ውስጥ የሴቶች ቁጥር ከወንዶች እጅግ ያነሰ በመሆኑ፣ መረቡ ሴት ተማሪዎችን በመሪነት የሚያሳትፍ የራሱን መርሐ ግብር ዘረጋ። ጉዳዩ ከእኩልነት አልፎ የካርታውን ይዘት ይነካል፤ የሕፃናት ማቆያ፣ የወሊድ ክፍልና ሌሊት መብራት ያለው መንገድ እንዲመዘገቡ የሚጠይቀው የሚፈልጋቸው ሰው ነውና።

ከእነዚህ ልምዶች አንድ የጋራ ነገር ይወጣል። ውጤት ያስገኙት የካርታው ተጠቃሚ አስቀድሞ የታወቀባቸው፣ ነዋሪውም የምንጭነት ቦታ የያዘባቸው ሥራዎች ናቸው።

የጥራት ጥያቄ

ተማሪ የሠራው ካርታ ይታመናል ወይ የሚለው ጥያቄ ከመጀመሪያው የነበረ ነው። ሙኪ ሃክሌይ በ2010 ባሳተመው ጥናት የእንግሊዝን ኦፕንስትሪትማፕ ከብሔራዊው ካርታ ጋር አነጻጽሮ በአማካይ 6 ሜትር ገደማ ልዩነት አገኘ። ይህ ለብዙ አገልግሎት በቂ ነው። ያው ጥናት ግን ድሃ አካባቢዎች ከሀብታሞቹ ያነሰ ሽፋን እንዳላቸውም አሳየ። ስለዚህ የቦታ ትክክለኛነትና የመረጃ ሙሉነት የተለያዩ ጉዳዮች መሆናቸው ለተማሪ ሊነገረው ይገባል። በትክክል የተነደፈ ግን ግማሽ መንደር የጎደለበት ካርታ፣ የጎደለው ግማሽ ሰው እንደሌለበት ያስቆጥረዋል።

ጀማሪዎች የሚሠሯቸው ስህተቶች በየአገሩ ተመሳሳይ ናቸው። መንገዶች ሲገናኙ ነጥባቸው ሳይጋራ ይቀራል፤ ለዓይን የተገናኙ ቢመስሉም መንገድ ጠቋሚ ፕሮግራም አያሳልፍባቸውም። አንድ ቤት ሁለቴ ይነደፋል። ማዕዘኑ ቀጥ ያለ ቤት ተንጋድዶ ይነደፋል። ስም በሚጻፍበት ቦታ ላይ መግለጫ ይገባል። ሌላው የሠራው ሳይታይ ይሰረዛል። ጆስም ብዙዎቹን ከመላካቸው በፊት ያመለክታል፤ የቀሩትን የሚይዘው የሰው ዓይን ነው። በጋራ ካርታው እያንዳንዱ ለውጥ ከሠሪው የመለያ ስም፣ ከቀኑና ከማብራሪያው ጋር ተመዝግቦ ስለሚኖር፣ የተበላሸው ሁሉ ሊመለስ ይችላል። ይህ ተማሪውን ከፍርሃት ነፃ ያወጣዋል፤ በስሙ ለሚቀመጠው ሥራም ኃላፊ ያደርገዋል።

መምህሩም የራሱ ግዴታ አለበት። አርባ ጀማሪዎች በአንድ ከሰዓት በኋላ አንድ ከተማ ላይ ሲሠማሩ ለዓመታት የተደከመበትን ካርታ ሊያዛቡ ይችላሉ። የኦፕንስትሪትማፕ ፋውንዴሽን በ2018 ያወጣው የተደራጀ ሥራ መመሪያ ቡድኖች ዕቅዳቸውን አስቀድመው እንዲያሳውቁ፣ ሥራቸውንም በአንድ መለያ ምልክት እንዲያስሩ ይጠይቃል። በአካባቢው የሚሠሩ ነባር ካርታ ሠሪዎችን ማማከር ብዙ እርማት ያስቀራል።

ሕግና ሥነ ምግባር

ተማሪን በቶሎ የሚፈትነው ነገር ከሌላ ካርታ መገልበጥ ነው። የጉግል ካርታ ለማየት ነፃ ቢሆንም ስሞቹንና መስመሮቹን ወደ ጋራ ካርታው መቅዳት አይፈቀድም። መረጃ ከራስ ምልከታ፣ ከተፈቀደ ምስል ወይም ፈቃዱ ከሚስማማ ምንጭ መምጣት አለበት። ኦፕንስትሪትማፕ ከ2012 ጀምሮ የሚሠራበት የክፍት መረጃ ቋት ፈቃድ ማንም ለንግድም ሆነ ለሌላ ዓላማ እንዲጠቀም ይፈቅዳል፤ በምትኩ ምንጩ እንዲጠቀስና ከእሱ የተገኘ መረጃ ቋት በሕዝብ አገልግሎት ላይ ሲውል በዚያው ፈቃድ እንዲቀርብ ይጠይቃል።

ከሕጉ ጎን የሰው ክብር አለ። የቤት ባለቤት ስም፣ የግለሰብ ስልክ፣ ጥቃት የደረሰባቸው ሰዎች የሚጠለሉበት ቤት በካርታ ላይ አይሰፍሩም። ግጭት ባለበት አካባቢ የውኃ ጉድጓድን ወይም የመጠለያን ቦታ መግለጥ ማንን እንደሚጠቅምና ማንን እንደሚጎዳ አስቀድሞ መመዘን ያስፈልጋል። ወሰንና የቦታ ስም የሚያከራክሩ ሲሆኑ ክፍሉ ፈራጅ ሊሆን አይገባውም፤ የጋራ ካርታው በመሬት ላይ የሚሠራበትን ስም ይመዘግባል፤ ሌሎቹን ስሞችም በየቋንቋቸው ያስቀምጣል። ተማሪዎች ወደ መስክ ሲወጡ የትምህርት ቤቱን ደብዳቤ መያዝ፣ የቀበሌውን ወይም የወረዳውን አስተዳደር ማሳወቅ፣ ነዋሪውንም የመጡበትን ምክንያት አስረድቶ መጠየቅ ከሙያው የማይነጠል ሥርዓት ነው።

በኢትዮጵያ ክፍሎች ያለው ሁኔታ

በኢትዮጵያ ትምህርቱን የሚያከብዱት ነገሮች የታወቁ ናቸው፦ የመብራት መቆራረጥ፣ የኢንተርኔት ዋጋና ድካም፣ የኮምፒዩተር ማነስ፣ የክፍል ተማሪ መብዛት። ለእያንዳንዱ ግን ሥራውን የማያስቆም መንገድ አለ። ምስሉና ካርታው አንድ ጊዜ ወርዶ በፍላሽ ይከፋፈላል፤ ጆስምና ኪውጂአይኤስ ያለ ኢንተርኔት ይሠራሉ፤ የመስክ ሥራው በወረቀት ይካሄዳል፤ የመላኩን ሥራ መምህሩ ኔትወርክ ባለበት ሰዓት ይፈጽመዋል። አንድን ኮምፒዩተር ሦስት ተማሪዎች ሲጋሩት አንዱ ይነድፋል፣ አንዱ የመስክ ወረቀቱን ያነባል፣ አንዱ ይፈትሻል። ይህ አከፋፈል በችግር ቢጀመርም፣ በየተራ ከተቀያየሩበት፣ የማረጋገጥን ልማድ ያሠርጻል።

ለኢትዮጵያ ተማሪ የሚያስፈልጉ የራሱ ቴክኒካዊ ጉዳዮችም አሉ። አገሪቱ ከ33 እስከ 48 ዲግሪ ምሥራቅ ኬንትሮስ ስለምትዘረጋ ዩቲኤም በሚባለው ሥርዓት በሦስት ዞኖች ማለትም በ36፣ በ37 እና በ38 ውስጥ ትወድቃለች፤ አዲስ አበባ በ37 ናት። ነባሮቹ የ1፡50,000 ካርታዎች የተመሠረቱት አዲንዳን በሚባለው ዳተም (የልኬት መነሻ ሥርዓት) ላይ ሲሆን ጂፒኤስ የሚጠቀመው ደብሊውጂኤስ 84ን ነው። ይህን ሳያስተካክል የድሮውን ካርታ ከስልክ ልኬት ጋር የሚደርብ ተማሪ ከ200 ሜትር በላይ ይስታል። አንድን ወንዝ በድሮው ካርታና በጋራ ካርታው ላይ አስተያይቶ ልዩነቱን በራሱ የሚለካ ተማሪ የዳተምን ትርጉም በአንድ ሰዓት ውስጥ ይይዘዋል።

ሌላው የአድራሻ ጉዳይ ነው። በአዲስ አበባና በሌሎች ከተሞች ሰው ቦታን የሚያመላክተው በአብዛኛው በመንገድ ስምና በቤት ቁጥር ሳይሆን በቤተ ክርስቲያን፣ በመስጊድ፣ በአደባባይ፣ በፋርማሲ፣ በሆቴል ወይም በነባር የሰፈር ስም ነው። ስለዚህ እነዚህን ምልክቶች በትክክለኛ የአማርኛና የየአካባቢው ቋንቋ ስም መመዝገብ ለአምቡላንስም ለዕቃ አድራሽም መንገድ ያቀናል። ይህ ሥራ በውጭ አገር ሆኖ በምስል ብቻ ሊሠራ አይችልም። በአሜሪካም ሆነ በአውሮፓ የሚኖር ኢትዮጵያዊ ተማሪ ቤትና መንገድ በመንደፍ ሊያግዝ ይችላል፤ የሰፈሩን ስምና የክሊኒኩን የሥራ ሰዓት የሚያረጋግጠው ግን እዚያው ያለው ተማሪ ነው።

ምዘና

ምዘና ላይ የሚሠራው ትልቁ ስህተት ብዛትን መቁጠር ነው። ብዙ ቤት የነደፈ ብዙ ነጥብ የሚያገኝ ከሆነ ተማሪው ይቸኩላል፤ ካርታው ይበላሻል። የሚሻለው ምዘና በአራት ነገሮች ላይ ያርፋል። አንደኛ፣ ከሥራው ጥቂቱ በዕጣ ተመርጦ መሬት ላይ ይረጋገጣል። ሁለተኛ፣ ተማሪው የጓደኛውን ሥራ ፈትሾ የጻፈው አስተያየት ይመዘናል፤ ስህተት ማግኘቱ ብቻ ሳይሆን በትሕትናና በማስረጃ ማሳየቱም ይታያል። ሦስተኛ፣ በአንድ ጊዜ ከላከው ከእያንዳንዱ የለውጥ ጥቅል ጋር የጻፈው ማብራሪያና የጠቀሰው ምንጭ ይነበባል። አራተኛ፣ የሠራውን ካርታ ለሚጠቀም ሰው አቅርቦ ሲጠየቅ የሚሰጠው መልስ ይደመጣል፦ ምን ተመዘገበ? ምን ቀረ? እስከምን ድረስ ይታመናል? ካርታው የማያሳየውን አውቆ የሚናገር ተማሪ ሙያውን ይዟል።

ማሽን ሲነድፍ

ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ቤትንና መንገድን ከሳተላይት ምስል የሚለዩ የሰው ሠራሽ አስተውሎት ፕሮግራሞች መጥተዋል። ጉግል በ2021 በአፍሪካ የሚገኙ 516 ሚሊዮን ሕንጻዎችን ቅርጽ በክፍት አውጥቷል፤ ማይክሮሶፍትም ተመሳሳይ መረጃ ያቀርባል። ተማሪ በሳምንት የሚነድፈውን ማሽን በቅጽበት ከጨረሰው፣ ትምህርቱ በንድፍ ላይ ብቻ የቆመ ከሆነ ዓላማውን ያጣል። ማሽኑ ግን ቤቱ ክሊኒክ ይሁን ወፍጮ ቤት አያውቅም፤ ስሙን አያነብም፤ ዓለትን ጣሪያ ሊለው፣ በዛፍ የተጋረደውን ጎጆ ሊያልፈው ይችላል። ስለዚህ የማሽኑን ውጤት ለተማሪ ሰጥቶ መሬት ላይ እንዲፈትሸው፣ ስህተቱን በዓይነት እንዲለይና እንዲያርመው ማድረግ የዛሬው ጥሩ የክፍል ሥራ ነው። የማረጋገጥ ሙያ ከቀድሞው ይልቅ አሁን ይፈለጋል።

ትምህርቱ እንዲዘልቅ

ብዙ የካርታ ሥልጠናዎች በአንድ ቀን ድግስ ተጀምረው በዚያው ይቀራሉ። በውጭ ገንዘብ ብቻ የቆሙትም ገንዘቡ ሲቆም ይናጋሉ፤ ዩዝማፐርስን ሲደግፍ የነበረው የአሜሪካ ዓለም አቀፍ ልማት ድርጅት በ2025 ሥራውን ሲያቆም ይህ አደጋ በግልጽ ታየ። መሣሪያዎቹና መረጃው ግን ክፍት ስለሆኑ አብረው አልጠፉም፤ የሠለጠነ መምህርና ክበብ ያለው ትምህርት ቤት ሥራውን መቀጠል ይችላል።

ለመዝለቅ ሦስት ነገሮች ያስፈልጋሉ። ሥራው በመደበኛው ትምህርት ውስጥ ነጥብ የሚያሰጥ ቦታ ይኑረው። አንድ የታወቀ ተጠቃሚ ማለትም ወረዳ፣ ጤና ጣቢያ፣ የውኃ ጽሕፈት ቤት ወይም የአደጋ መከላከል ኮሚቴ ከመነሻው ጥያቄ ይስጥ፤ ውጤቱንም ይቀበል። ካርታ ያረጃልና አንዱ ዓመት ተማሪዎች የሠሩትን አካባቢ የሚቀጥለው ዓመት ተማሪዎች መልሰው ይፈትሹት፤ የተዘጋውን ያንሱ፣ የተከፈተውን ያክሉ። እንዲህ ሲሆን ታላላቆቹ ለታናናሾቹ አስተማሪ ይሆናሉ፤ መምህሩ ሥራውን በየዓመቱ ከባዶ አይጀምርም፤ አካባቢውም የራሱ ልጆች የሚያውቁት፣ የሚያድሱትና ኃላፊነቱን የሚወስዱለት ካርታ ይኖረዋል።